የግል የካርበን አሻራ በደሴና በኮምቦልቻ ኑሮ ሲለካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰዉ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ነው የሰበሰብነው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

የካርበን አሻራ ምንድን ነው?

አንድ ሰው በኑሮው ምክንያት በዓመት ወደ አየር የሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ድምር ነው። ዋናው ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሰል፣ እንጨት፣ ቤንዚንና ናፍጣ ሲነድ የሚወጣው። ከሱ ሌላ ሚቴን አለ፤ ከብት ሲያመሰኳና ቆሻሻ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስ ይወጣል። ናይትረስ ኦክሳይድም አለ፤ እሱ በአብዛኛው ከማዳበሪያና ከፍግ ነው።

ራሳችሁ ያቃጠላችሁት ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። የገዛችሁት ሲሚንቶ ሲመረት፣ የተሳፈራችሁበት አውቶቡስ ሲነዳ፣ የበላችሁት ሥጋ ገና በሬ ሆኖ ሲያመሰኳ የወጣውም ድርሻችሁ ይታሰባል። ሁሉም ወደ አንድ መለኪያ ይመነዘራል። አንድ ኪሎ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከ27 እስከ 30 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 273 እጥፍ ነው።

ጋዝ እንዴት በኪሎ ይመዘናል? አንድ ሊትር ቤንዚን ራሱ አንድ ኪሎ የማይሞላ፣ እንዴት ከ2 ኪሎ በላይ ያወጣል?

ይቺን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የለም፤ ደግሞም ልክ ነው። ትርፉ ክብደት የሚመጣው ከአየሩ ነው። ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርበን ሲነድ ከአየር ኦክስጅን ይይዛል፤ 12 ግራም ካርበን 32 ግራም ኦክስጅን ይዞ 44 ግራም ካርበን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ገደማ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ያወጣል።

ስለዚህ ጭሱን ሚዛን ላይ የሚያወጣው ማንም የለም። የሚለካው የገባው ነዳጅ ነው። የቀረው ማባዛት ነው።

የአንድ ኢትዮጵያዊ አሻራ ስንት ነው? እንዲህ ትንሽ ከሆነስ እኛ ምን አገባን?

ከነዳጅና ከሲሚንቶ የሚመጣውን ብቻ ከወሰድን የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ በዓመት ከ200 ኪሎ በታች ነው። የዓለም አማካይ ከ4 ቶን ተኩል በላይ ነው። አሜሪካ ወደ 14 ቶን ይጠጋል። ከብቱ፣ እርሻውና የሚጨፈጨፈው ደን ሲጨመር የእኛም ከአንድ ቶን ያልፋል፤ ቢሆንም ያው ከዓለም ዝቅተኞቹ ውስጥ ነን። ዓለምን ያሞቀችው ሰኞ ገበያ ጉልት የምትቸረችር እናት አይደለችም። ይሄን የሚክድ ሰው ካለ አትስሙት።

ታዲያ ለምን ትለካላችሁ? መልሱ እንደ ሰዉ ይለያያል። አንዱ ለትምህርት ቤት ሥራ ይፈልገዋል፣ አንዱ የፕሮጀክት ፎርም ላይ ሙሉ ተብሏል። ለአብዛኛው ቤት ግን ጥቅሙ ሌላ ነው። እዚህ አገር ካርበን የሚበዛበት ቦታና ብር የሚፈስበት፣ ዓይን የሚቃጠልበት ቦታ አንድ ነው፤ ማጀት። ሲለካ የሚታየው የዓለም ሙቀት ብቻ ሳይሆን የወር ወጪም ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት የአሻራ ማስሊያዎች ለደሴ ሰው ይሠራሉ?

አብዛኞቹ አይሠሩም። ተሞልተው የሚመጡት በውጭ ኑሮ ነው። ቤትህን በምን ታሞቃለህ፣ ስንት መኪና አለህ፣ በዓመት ስንት ጊዜ በረርክ ይላሉ። ስለ ከሰል ወይ አይጠይቁም፣ ወይ እንጨት ነው ብለው ዜሮ ያስቀምጡለታል። መብራቱን ደግሞ በድንጋይ ከሰልና በጋዝ ከሚመነጭ አገር በተወሰደ ቁጥር ያባዙታል። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ በመብራት ምጣድ የምትጋግረዋ በዳይ፣ ጆንያ ከሰል የሚጨርሰው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።

አገር ምረጡ የሚል ካለ ኢትዮጵያን ምረጡና ቢያንስ የመብራቱ ቁጥር ይስተካከላል። ከዚያ የሚሻለው ግን እርሳስና ደብተር ነው። እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ማባዣዎች ለአብዛኛው ይበቃሉ።

በምን ልጀምር? ምን ምን ልመዝግብ?

አንድ ወር ሙሉ እነዚህን ጻፉ፦ የገባው ከሰል በኪሎ፣ የገባው ማገዶ በኪሎ (ሸክም ወይ እስር ከሆነ አንዱን መዝኑና አባዙ)፣ ሲሊንደር ጋዝ ካለ በኪሎ፣ የመብራት ቆጣሪው ያነበበው ኪሎዋት ሰዓት፣ ከከተማ ከተማ የተጓዛችሁበት በኪሎ ሜትር፣ ሥጋና ወተት። መኪና ወይ ሞተር ያለው የቀዳውን ሊትር ይመዝግብ። በቃ። ሳሙናና ክብሪት ድረስ ልቁጠር ያለ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቻል፣ ለውጥም አያመጣም።

የማጀቱን ድምር በቤተሰቡ ቁጥር አካፍሉት፤ ጉዞው ግን የየራስ ነው። ወደ ዓመት ስትቀይሩ ዝም ብላችሁ በ12 አታባዙ። ደሴ ክረምትና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሰሉ ይጨምራል፤ ሰዉ ይሞቀዋል፣ የገላ ውኃም ያፈላበታል። አንድ ብርዳማ ወርና አንድ ሞቃት ወር ወስዶ አማካዩን መያዝ ይሻላል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ልዩነቱ ብዙም ላይታየው ይችላል።

ከሰል ያን ያህል ነው እንዴ?

አዎ፤ ለብዙ ቤት ትልቁ ቁጥር እዚህ ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ቤታችሁ በወር አንድ ጆንያ ከሰል ይጨርሳል፣ ጆንያው ደግሞ 30 ኪሎ ይመዝናል እንበል። (ጆንያ ትንሽም ትልቅም አለውና በዓይን አትገምቱ፤ ታች የተደበቀው ድቃቂም ቢሆን ተከፍሎበታል።) በዓመት 360 ኪሎ መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ምድጃ ላይ ሲነድ 3 ኪሎ ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ብቻ ከ1 ቶን አለፈ።

ዋናው ጭስ ግን ቤታችሁ አልደረሰም፤ ከሰሉ የተከሰለበት ጫካ ቀርቷል። እንጨት በአፈር ተቀብሮ በልማዳዊው መንገድ ሲከሰል፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት 6 ኪሎና ከዚያም በላይ እንጨት ይሄዳል። የቀረው እዚያው ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከጭሱ ጋር ሚቴንም አለበት። የተቆረጠው ዛፍ ካልተተካ ለአንድ ኪሎ ከሰል ወደ 10 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ብንይዝ ብዙ አንሳሳትም። 360 ኪሎው 3.6 ቶን ሆነ። አምስት ሰው ላለበት ቤት በነፍስ ወከፍ ከ700 ኪሎ በላይ ነው። ከላይ ያየነው የነዳጅ አማካይ ደግሞ ከ200 ኪሎ በታች ነበር። መኪና የሌለው ቤት በከሰል ብቻ ይሄን ያህል ይደርሳል።

ቡናችንን ልትከለክሉን ነው ወይ የሚል ይመጣል። ኧረ ተዉት! አቦሉም ቶናውም በረካውም በከሰሉ ይፈላ፣ እጣኑም ፍሙ ላይ ይጨስ። ጆንያውን የሚጨርሰው ቡናው ሳይሆን ባቄላና ሥጋ ሲቀቀል የሚውለው ምድጃ ነው። ጥራጥሬውን ማታ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ረጅሙን ማብሰያ ወደ መብራት ማዞር፣ ይሄ ነው ጆንያውን የሚያስረዝመው። ላቀች የሚባለው ቁጠባ ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል።

ከአሻራው ጋር ባይገናኝም ሳላነሳው አላልፍም። ብርዱን ፈርቶ ፍም አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ገዳዩ ካርበን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም።

እንጨት መልሶ ይበቅል የለ? ታዲያ የማገዶ ጭስ ለምን ይቆጠራል?

ጥሩ ክርክር ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ የወጣውን ካርበን መልሶ ይይዛል። የራሱን ባህር ዛፍ እየቆረጠ የሚያነድ ገበሬ ካርበን ዳይኦክሳይዱን ዜሮ ቢለው አጥፍቷል አይባልም። የሚቀረው ሚቴኑና ጥቀርሻው ነው። ሌላው የሚቀረው በእናትና በሕፃን ሳንባ ላይ የሚያርፈው ጭስ ነው፤ እሱ ግን በዚህ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

እንጨቱ ከቆላ ግራር ወይም ከተራቆተ ተራራ የመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግራር ቶሎ አይደርስም፤ የሚተክልለትም የለም። ስለዚህ ጥያቄው "እንጨት ነው ወይ?" ሳይሆን "ከየት መጣ፣ ቦታው ላይ ምን በቀለ?" ነው። ሻጩን ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ያውቃል። በነገራችን ላይ በአፋር ቆላ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ ከሰል ሲሆን ከግራሩ ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ቢቆረጥም የሚያለቅስለት የለም፣ ያውም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ማገዶ ለሚጠቀም ቤት "ምርጥ" የሚባለው ቁጠባ ምድጃ እንጀራ ሲጋገር እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል።

የመብራት ምጣድ ብዙ ይበላል ይባላል፤ አሻራውስ?

ቆጣሪው ላይ ይበላል፣ አሻራው ላይ ግን የለም ማለት ይቀላል። የኢትዮጵያ መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ፣ ከነፋስና ከከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። 3 ኪሎዋት ተኩል የሚስብ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ ለሚጋገርበት ቤት የዓመቱ ድምር በካርበን ሲመነዘር ከአንድ ወር ከሰል እጅግ ያነሰ ነው።

ችግሩ መብራቱ ሲሄድ ነው። አነስተኛ ጄኔሬተር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ወደ አንድ ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሱቅና ምግብ ቤት ያለው ሰው ይሄን በሊትር ይመዝግበው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሊጥ ተበጥብጦ መብራት ከጠፋ ያው ከሰልና ማገዶ ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ቤት ምጣዱ እያለም ጆንያው ከበር ጀርባ የማይጠፋው። ያን ጥፋት በእናንተ ላይ አልቆጥረውም። ከሰሉን ግን ቁጠሩት።

በየቀኑ ደሴ–ኮምቦልቻ ነው የምመላለሰው። አዲስ አበባም እሄዳለሁ። እንዴት ላስላ?

ቀመሩ አንድ ነው፦ መኪናው የፈጀው ሊትር ሲባዛ በ2.7 (ቤንዚን ከሆነ በ2.3)፣ ሲካፈል ለተሳፋሪው ቁጥር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ብዙ ይጠጣል፣ ሲወርድ ትንሽ፤ አማካዩን 2 ሊትር ተኩል እንያዘው። 14 ሰው ቢጭን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ሲያዩት ምንም አይደለም። በሥራ ቀን ሁሉ ደርሶ መልስ ሲሆን ግን ዓመቱን 300 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል፤ ከአገሪቱ የነዳጅ አማካይ በለጠ ማለት ነው። ተመላላሽ የሆነ ሰው ይሄን ሲያይ ይደነግጣል። ቤት ኪራዩ ደሴ፣ ሥራው ኮምቦልቻ ከሆነ ምን ያድርግ?

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር የሚፈጅ ትልቅ አውቶቡስ 60 ሰው ከያዘ ለአንድ ሰው 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ይደርሳል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚፈጅ ላንድክሩዘር ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን 130 ኪሎ ተሸከመ። ከኮምቦልቻ ኤርፖርት በትንሹ አውሮፕላን መሄድ ለአንድ መቀመጫ በግምት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው። አዎ፣ ባዶ ላንድክሩዘር ከአውሮፕላን ይብሳል። አራት ሆነው ከሄዱበት ደግሞ ከአውሮፕላኑ ያነሰ ይሆናል። በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የተሠራው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ሰው ሲጭን ደግሞ ከአውቶቡሱም በታች ይሆናል።

ጅዳ ለሥራ ወይም ለዑምራ የሚሄድ ሰው ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ 300 ኪሎ ገደማ ይያዝ።

ሥጋና ወተትስ? ጾመኛ ሰው አሻራው ያንሳል?

ያንሳል፣ በደንብ ነው የሚያንሰው። አንድ ኪሎ ምስር ወይም ሽምብራ ማሳው ላይ ጀምሮ ሲሰላ አንድ ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ግን በአስሮች የሚቆጠር ነው። ኦርቶዶክሱ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይጾማል፤ ሽሮና ምስር በሚበላበት አገር የምግብ አሻራ ትንሽ ቢሆን አይገርምም። ሥጋ በብዛት የሚበላው ለዒድ፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግና ለሰደቃ ነው፤ እሱም ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። የአንድን በግ ሥጋ ሃያ ሰው ከበላው የየራስ ድርሻችሁን ብቻ ያዙ።

ጊቢያችሁ ላም ካለች ሂሳቡ ይከብዳል። አንድ ላም በዓመት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሚቴን ትተነፍሳለች፤ በካርበን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር ከ800 እስከ 1,300 ኪሎ ነው። ግን ወተቱን ለጎረቤት የምትሸጡ ከሆነ ያንን ያህል ድርሻ ከገዢው ጋር ይሄዳል። ገጠር ያለው በሬ ደግሞ ያርሳል፣ ይወቃል፣ ኩበትና ቆዳ ይሰጣል። የውጭ ስሌት ሁሉን በሥጋው ላይ ሲጭነው እኛ አገር ልክ አይመጣም። ለሥራው፣ ለፍጉና ለሥጋው መከፋፈል አለበት፤ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ላይ ባለሙያዎቹም እስካሁን ይከራከራሉ።

ሰልባጅ ልብስ ይቆጠራል?

ለብሳችሁ ጨርሱት፣ አትቆጥሩት። ጥጡ ሲመረት፣ ሲፈተል፣ ሲቀለም የወጣው በመጀመሪያ የገዛው ሰው ላይ ተቆጥሯል። ለእናንተ የሚቀረው የመርከቡና ከጅቡቲ የጫነው መኪና ናፍጣ ነው፤ ለአንድ ሹራብ ሲካፈል ኢምንት ነው።

ቤት እየሠራሁ ነው። እሱንም ላስገባ?

ካስገባችሁት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ለብቻ ያዙት። ሲሚንቶ ሲመረት ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርበን ይለቃል፣ ለማቃጠያ የሚነደውም ይጨመራል። 100 ኩንታል ሲሚንቶ ከ6 እስከ 8 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው። ከላይ ያሰላነው የከሰል ቤት በሁለት ዓመት የሚለቀው ማለት ነው። የፌሮውና የቆርቆሮው በዚያ ላይ ይጨመራል።

የተለመደው ዘዴ ድምሩን ቤቱ ለሚቆይበት ዘመን ማካፈል ነው፤ 50 ዓመት ብትይዙት ሸክሙ ይቀላል። በጦርነቱ የፈረሰበትን የሚያቆም ሰው ይሄን እያሰበ እንዲሳቀቅ አልፈልግም። ግን የድንጋይ መሠረቱና የጭቃ ግድግዳው ደህና ከሆነ አፍርሶ ሁሉን በብሎኬት መተካት ለኪስም ለካርበንም ውድ ነው። ደሴ ውስጥ በጭቃና በድንጋይ ተሠርተው ዘመን የተሻገሩ ቤቶች ሞልተዋል፤ ብርዱንም ይችላሉ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የፋብሪካው ጭስ በእኔ ይቆጠራል?

አይቆጠርም። በግል አሻራ ሕግ ጭሱ የሚከተለው ዕቃውን የሚጠቀመውን ነው። በ2009 ዓ.ም በተከፈተው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሰፍቶ ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ ካርበኑ የለባሹ ነው፤ የሰፊዋ አይደለም። የቢራውም የጠጪው ነው፤ እዚያ ላይ አንዳንዶቻችን ትንሽ ይጨምርብናል። የእናንተ የሚሆነው ወደ ሥራ የሄዳችሁበት ጉዞ ነው።

አገር ስትቆጥር ግን በተቃራኒው ነው። ኢትዮጵያ ሪፖርት ስታቀርብ በምድሯ ላይ የወጣውን ሁሉ ነው የምትመዘግበው። ሁለቱን ዘዴ የሚያቀላቅል ሰው አንዱን ጭስ ሁለቴ ይቆጥራል፤ ቁጥር ሲጣረስባችሁ መጀመሪያ ይሄን አጣሩ።

የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ? ባትሪው ሲሠራ ብዙ ይለቃል ይባላል።

እውነት ነው፣ ባትሪው ሲመረት መኪናው ከቤንዚን መኪና የበለጠ ዕዳ ይዞ ይወለዳል። ዕዳውን በስንት ኪሎ ሜትር ይከፍላል የሚለው በሚሞላበት መብራት ይወሰናል፤ የእኛ ከውኃ ስለሆነ ቶሎ ይከፍላል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለዚህ አዲስ የሚገዛ ሰው ምርጫውም ጠቧል።

ለእኛ መንገድ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ፍሬኑ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ነዳጅ መኪና ያን ጉልበት ሸራው ላይ አቃጥሎ ይጨርሰዋል። ሲመለሱ ግን ዳገቱ የሰጠውን ይወስዳል፣ ከነወለዱ። እና ባለ ብዙ ሰው ሚኒባስ ትቶ ብቻውን በኤሌክትሪክ መኪና የሚሄድ ሰው የባትሪውን ዕዳ ብቻውን ነው የሚሸከመው።

ችግኝ ብተክል ይካካስልኛል?

ከጸደቀ፣ ካደገ፣ ካልተቆረጠ። ሦስቱም "ከ" ናቸው። ያደገ ዛፍ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው በዓመት ከ10 እስከ 25 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ሊይዝ ይችላል። ችግኝ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚይዘው ትንሽ ነው። በነፍስ ወከፍ 700 ኪሎ የከሰል ዕዳ ያለበት ሰው በዓመት የሚለቀውን ለማጥፋት ከ30 እስከ 70 ያደገ ዛፍ ቆሞ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ሁላችንም ተክለናል፤ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ያልተከለ የደሴ ተማሪ ይኖራል ብዬ አላስብም። በደብተራችሁ ላይ የተተከለውን ሳይሆን ከሁለት ክረምት በኋላ ሄዳችሁ ቆሞ ያገኛችሁትን ጻፉ። ደግሞ ያው ዛፍ ደርሶ ተቆርጦ ከሰል ከሆነ፣ የያዘውን ሁሉ መልሶ ሰጥቷል። ከመትከሉ ይልቅ ያለውን አለመቁረጥ ቀድሞ ይቆጠራል።

ይሄ የግል አሻራ የሚባለው የነዳጅ ኩባንያዎች ዘዴ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ግማሽ መንገድ ድረስ እውነት ነው። ሐሳቡ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ የሰው ልጅ ከምድር ምን ያህል ይጠቀማል የሚል ጥናት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር። "የአንተ የካርበን አሻራ ስንት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ግን በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በማስታወቂያ ዓለም ላይ ያናፈሰው ቢፒ የተባለው ግዙፍ የነዳጅ ኩባንያ ነው፤ ማስሊያም አቅርቦ ነበር። ነዳጅ ሻጩ "ጥፋቱ የገዢው ነው" እንዲባልለት ፈለገ ብለው የሚተቹት ለዚህ ነው፤ ትችቱም ትክክል ነው።

ቁጥሩ ግን ሰው በተንኮል ስለተጠቀመበት ውሸት አይሆንም። እኔ የምለው በምን እንደምትጠቀሙበት ለዩ ነው። ራስን ለመውቀስ ከሆነ ተዉት። የመብራት መቆራረጥ ስንት ጆንያ ከሰል እንደሚያስጨርስ ለቀበሌ ስብሰባ ለማሳየት ከሆነ ግን ከቁጥር የበለጠ ምን አፍ አለ?

ቁጠባ ምድጃ በነፃ ሰጥተው ስምና ስልክ መዘገቡ። የካርበን ክሬዲት ሊሸጡበት ነው ይባላል። ታዲያ የቀነሰው የእኔ ነው የእነሱ?

ክሬዲት ማለት ሳይለቀቅ የቀረ አንድ ቶን ማረጋገጫ ነው። ምድጃው የሚያስቀረው እንጨት ይሰላል፣ ወደ ቶን ይመነዘራል፣ ውጭ ላለ ኩባንያ ይሸጣል። ኩባንያው "ይሄን ያህል አካካስኩ" ይላል። በሂሳቡ ሕግ አንድ ቶን ሁለት ባለቤት አይኖረውም፤ ከተሸጠ "አካካስኩ" ማለት የሚችለው ገዢው ነው። በቤታችሁ ደብተር ላይ ግን የምትጽፉት በእርግጥ ያነደዳችሁትን ነው፤ ከሰሉ ከቀነሰ ቀንሷል፣ ማንም አይወስድባችሁም። በሱ ላይ ተጨማሪ ማካካሻ አለን ብላችሁ እንዳትደምሩ ብቻ።

ነገሩ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። በወላይታ ሁምቦ የተራቆተ ተራራ መልሶ በደን ሲሸፈን የአካባቢው ሰው ከካርበን ሽያጭ ገቢ አግኝቷል። በምድጃ ክሬዲት ላይ ግን የተቀነሰው ተጋኖ እንደሚቆጠር ጥናቶች አሳይተዋል። ምድጃው ሥራ ላይ ነው ተብሎ ይመዘገባል፤ ቤቱ ሲታይ ግን ተሰብሮ ጓሮ ተጥሏል ወይም ከአሮጌው ጎን ቆሞ ሁለቱም ይነዳል።

ፈርሙ ስትባሉ ወረቀቱን ውሰዱና አንብቡት፤ ማንበብ ለማይችል ዘመድ ደግሞ ልጆቹ ያንብቡለት። አብዛኛውን ጊዜ የካርበን መብቴን አስተላልፌአለሁ የሚል መስመር አለበት። ምድጃው ሲሰበር ማን ይተካዋል፣ ለስንት ዓመት ነው የፈረምኩት፣ ለመቁጠር ሲመጡ ቤቴ የመግባት መብት አላቸው ወይ፣ ከሽያጩ ለሰፈሩ የሚመለስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ምድጃው ነፃ አይደለም።